ዳዋ የለበሰው ቦይ

ሐረር፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ አባይነህ፤ ቤርገን፣ ኖርዌይ

ጋሼ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ከማሳ ላይ የወረደው ውሃ ምን ይዞ የት እንደሚገባ ጠይቀው ያውቃሉ?

ሰላምታ ሳላስቀድም በጥያቄ መጀመሬ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ሰላምታው ይኸው፦ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ እርስዎንም በዚያ ብርድ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ከሥራ ወጥተው ቤትዎ እስኪገቡ መንገዱን ያቅናልዎ። ልደት ነኝ፤ የአጎትዎ ልጅ የደረጀ ልጅ። አገር ለቀው ሲሄዱ ገና አልተወለድኩምና በመልክ አያውቁኝም። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ የምኖረው ሐኪም ጋራ ሥር ባለው ቤታችሁ፣ ከእህትዎ ከእትዬ ወለተሥላሴ ጋር ነው። ባለፈው ሐምሌ በአፈርና ውሃ ሀብት ተመርቄአለሁ። ሥራ ግን እስካሁን የለም። ስልክ እንደማያነሱ እትዬ ስለነገሩኝ ነው በወረቀት የመጣሁብዎ።

በበራችን ፊት የሚያልፈውን ቦይ ያስታውሱታል። ከጋራው ወገብ፣ ከጫትና ከድንች ማሳዎቹ ይነሣና በደጃችን አልፎ ታች ኩሬው ውስጥ ይገባል። ገበሬዎቹ ዩሪያ ይበትናሉ፤ መሬቱ ስላረጀ ያለዚያ አይሰጣቸውም፣ አልፈርድባቸውም። ዝናቡ ግን ሰብሉ ሳይጠግብ ከፊሉን ጠርጎ ይወስደዋል። ቦያችን ቀጥ ያለና የተላጨ ስለሆነ ውሃው ፍሬኑ እንደተበጠሰ ባጃጅ ነው የሚወርደው፤ መንገድ ላይ የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ ማዳበሪያው የሚደርሰው ለኩሬው ነው። ኩሬውም እንደ ማሳ በቀለ። ላዩ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ይመስላል፤ ፀሐይ ሲበረታ ይሸታል።

ከኩሬው ሥር ሰላጣና ካሮት የሚያለሙት ወይዘሮ ዋፊቃ አምና ጥጃቸው ከዚያ ጠጥታ ሞተችባቸው። ኤረር በር ገበያ ላይ ደግሞ ደንበኞቻቸው ሰላጣውን ከመግዛታቸው በፊት ማሽተት ጀምረዋል። «ወላሂ፣ ሽቶ የምሸጥ አስመሰሉኝ» ይላሉ።

እኔ ያሰብኩት ይህን ነው። ቦዩን ከሁለት ወገን ትንሽ ሰፋ አድርጌ በግራና በቀኝ ዝቅተኛ እርከን አበጅለታለሁ። በየመሐሉ ከጉልበት በታች የሆነ የድንጋይ ክትር፣ በእርከኑ ላይ ደግሞ ደሾ የሚባለው፣ ሥሩ አፈር የሚይዝ ሣር። ውሃው ሣሩ ውስጥ ሲገባ ይደክማል፤ ሲደክም ደለሉን ይጥላል፤ ከደለሉ ጋር የተጣበቀውም ማዳበሪያ አብሮ ይቀራል። የተሟሟውን ደግሞ ሣሩ ይበላዋል፣ ጭቃው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳትም ከፊሉን ወደ አየር ይመልሱታል። ክረምቱ ሲያልቅ ሣሩን አጭዶ ለከብት መስጠት ነው። የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ሄጄ አነጋገርኩት። አንድ ሙሉ ክረምት ሳይነካ ይቆይና መስከረም ላይ ውሃውን አስለክተሽ አምጪ፣ ጥሩ ከሆነ ወደ ሌሎቹ ቦዮች እንወስደዋለን አለኝ። አንድ ክረምት ብቻ ነው የምለምነው።

እትዬ ግን ቦታው በወንድሜ ስም ነው፣ እሱ ሳይፈቅድ አካፋ አይገባበትም አሉ። ይፈቅዱልኝ ይሆን?

እትዬ ሰላምታ ሲያቀርቡ «ጉልበቴን ያመኛል በይው» አሉኝ፤ ትንሽ ቆይተው «ተይ አትበይው» አሉ። የቱን እንደምጽፍ ስላላወቅሁ ሁለቱንም ጽፌዋለሁ።

ልጅዎ ልደት ደረጀ

*

ቤርገን፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለልደት፣

ፈጣሪ በሰላም ያኑራችሁ፤ የቤታችንን ጣሪያ ከነሰዎቹ ይጠብቅልኝ። ደብዳቤሽ በደኅና ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው ክፋት ኖሮኝ አይደለም። ከሥራ ስመለስ ወንበሩ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም።

የምሠራው የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። አንሶላ ይገባል፣ አንሶላ ይወጣል። ውጭው ዝናብ ነው። ትናንትም ዝናብ ነበር። ስለ ውሃ ስትጽፊልኝ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ኋላ ግን ኩሬውን አሰብኩት። ልጆች ሆነን እዚያ እንዋኝ ነበር።

ስልክ ስለማላነሳው ነገር ልንገርሽ። አባቴንም እናቴንም የቀበርኳቸው በስልክ ነው። ሰውየው ሰላም ካለኝ በኋላ «ብቻህን ነህ ወይ?» ሲለኝ ነበር ያወቅኩት። ከዚያ ወዲህ ከሐረር ሲደወል ልቤ ይቆማል። ወረቀት ይሻለኛል፤ ወረቀት ቀስ ብሎ ይመጣል።

የእህቴን ጉልበት ሐኪም አይቶታል ወይ? ደረጃውን ትወጣለች? ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በእግሯ ነው ወይስ በባጃጅ? በሩስ አሁንም ሰማያዊ ነው? እነዚህን ጻፊልኝ።

የቦዩ ነገር ብዙም አልገባኝም። አባታችን ሰኔ ሊገባ ሲል አካፋውን ይዞ ሣሩን ከነሥሩ ይነቅለው ነበር። ደጁን ዳዋ የለበሰው ቤት ሰው ያለቀበት ይመስላል ይለን ነበር። ይሁንና የተማርሽበት ነገር ነውና አድርጊው፤ ፈቅጃለሁ። በምትኩ የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። በየደብዳቤሽ የእህቴን ሰላምታ አትርሺብኝ። በራሷ ቃል ጻፊው፤ «ተይ አትበይው» እንዳለችው ዓይነት። ድምፅዋን የምሰማው በዚያ ነው።

አባይነህ

*

ሐረር፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱ ጋሽ አባይነህ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? የዚያ አገር ዝናብ ፋታ ሰጥቶዎት ፀሐይ እንዲያዩ ምኞቴ ነው። ፈቃድዎ በደረሰኝ በማግስቱ ቁፋሮ ጀመርን።

ሁለት ቆፋሪዎች ነበሩኝ፣ ሦስተኛዋ ራሴ ነኝ። እጄ ተላጠ፣ ኋላ ጠነከረ። አንደኛው ቆፋሪ ዓለሙ ይባላል፤ ቦይ ሲያሰፋ እንጂ ሣር ሲተክልበት አይቶ ስለማያውቅ «እህቴ፣ ይኼ የምን በሽታ ነው?» እያለ ሲስቅብኝ ሰነበተ። ድንጋዩን ከጋራው ሥር ለቅመን ስድስት ክትር ሠራን፤ የመጨረሻው ታች ወይዘሮ ዋፊቃ አጥር አጠገብ ነው። ደሾውን በእርጥብ አፈር ላይ ተከልኩት። የበልጉ ዝናብ ሳይከዳኝ ቀረ፤ ሁሉም ያዘ።

አሁን ቢያዩት ጋሼ፣ ደጃችን ዳዋ ለብሷል። ከበሩ እስከ መታጠፊያው ድረስ መሬቱ አይታይም። ማታ ማታ ነፋስ ሲነካው ድምፁ ይሰማል፤ ቤቱ ፀጥ ስላለ ሌላ የሚሰማ ነገር የለም። ሰማያዊው በር ራሱ በሣሩ እስከ ግማሹ ተሸፍኗል። የአባትዎን ነገር አልረሳሁትም፤ እኔ ግን ሣሩን ሳይ ደስ ይለኛል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው መጠበቅ ብቻ ነው። ክረምቱ ይግባና እናያለን። ሥራ ያመለከትኩባቸው ቦታዎች አንዳቸውም አልመለሱልኝም። ሰው ሁሉ «ተመርቀሽ ቦይ ቆፋሪ ሆንሽ» ይለኛል። በዚሁ ቦይ ምክንያትም ከሰው ጋር ትንሽ ተቀያይሜአለሁ። ያልፋል።

የእትዬን ሰላምታ በሚቀጥለው እልክልዎታለሁ። ለዛሬ አልተመቸኝም።

ልጅዎ ልደት

*

ቤርገን፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለልደት፣

ሰላምና ጤና ከቤታችን አይራቅ። ጽሑፍሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሥራ ቦታ ይዤው ሄጄ በእረፍት ሰዓቴም አነበብኩት።

የእህቴ ሰላምታ የለበትም።

በቀጥታ አልጠይቅሽም፤ አንቺም በወረቀት ላይ በቀጥታ እንድትመልሺልኝ አልፈልግም። ያገራችንን ወግ ታውቂያለሽ። ይህን ብቻ ንገሪኝ። ግቢው ሰው ይበዛበታል ወይ? የሚመጡት ሰዎች ምን ይላሉ? አንቺስ የምታድሪው ከማን ጋር ነው?

ቦዩን ለጊዜው ተይው። የቤቱን ሰው ጻፊልኝ።

አባይነህ

*

ሐረር፣ ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱ ጋሽ አባይነህ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ድካሙን ያቅልልዎ፣ የእንጀራዎን ቦታ ይባርክልዎ። ጥያቄዎችዎን እንደ ቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ።

ግቢው ሰው ይበዛበታል ወይ ላሉኝ፣ አዎ፣ በጣም ይበዛበታል። ከጠዋት ጀምሮ ይመጣሉ። በሩ ላይ ይቆማሉ፣ ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ብዙም አይናገሩም። «እንዲህ ሆኖ ቀረ?» ይላል አንዱ። ሌላዋ «ምን ይደረግ» ብላ ከንፈሯን መጥጣ ትሄዳለች። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ። ከማን ጋር ታድሪያለሽ ላሉኝ፣ በክፍሌ ብቻዬን ነው የማድረው፤ አልፈራም፣ አያስቡ።

የቤቱን ሰው ጻፊ ብለውኛል። ስለ እትዬ አሁን ለመጻፍ ልቤ አልቻለም። ሌላ ቀን ረጋ ብዬ እጽፍልዎታለሁ።

ባይሆን ደስ የሚለውን ልንገርዎ። ሰኔ 21 ከባድ ዝናብ ጣለ። ጃንጥላዬን ጥዬ ወጣሁ። ውሃው ከላይ ሲመጣ እንደ ሁልጊዜው ጭቃ ሆኖ ሲያጓራ ነበር፤ የመጀመሪያውን ክትር ሲያገኝ ቆመ። በእውነት ቆመ፣ ጋሼ። ከዚያ ሣሩ ውስጥ እየተሽሎከለከለ በዝግታ ወረደ። በሁለት ጠርሙስ ቀዳሁ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች። በላይኛው ጠርሙስ ማዶ ጣቴ አይታይም፤ በታችኛው ይታያል። ውሃ ስለጠራ ብቻ ንጹሕ ነው አይባልም፤ የተሟሟ ዩሪያ በዓይን አይታይም፣ ለዚያ ነው መስከረም ላይ ቤተ ሙከራ የምወስደው። ግን ደለሉ እዚያው ክትሩ ሥር ተቀምጦ አይቼዋለሁ፤ በእጄም ጨብጬዋለሁ።

ወይዘሮ ዋፊቃ ጠርሙሱን ወደ ሰማይ አንሥተው አዩትና «ማሻአላህ» አሉ። ቀጥለው ግን፣ ውሃው ከጠራልሽ ኤረር በር ሄደሽ ሰላጣዬን አሽቺና ለሰው መስክሪልኝ አሉኝ። እስከ መስከረም ይታገሡኝ አልኳቸው። ጥጃዋ እስከ መስከረም አልታገሠችም አሉ፤ ሆኖም ፈገግ ብለዋል።

ልጅዎ ልደት

*

ቤርገን፣ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ልደት፣

ልብሽ እንዳልቻለ ገብቶኛል። አንቺ ልጅ ነሽ፤ ይህ ሸክም የሽማግሌዎች ነበር። መርዶ ነጋሪ ሳይመጣብኝ፣ ሳትደነግጪ ሳታስደነግጪኝ፣ በሦስት ደብዳቤ ቀስ አድርገሽ አረዳሽኝ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። አንቺንም የሚያጽናናሽ ሰው አጥተሽ ብቻሽን እያደርሽ እንደሆነ ጽፈሽልኛል።

ትናንት ሥራ አልገባሁም። አለቃዬ ምን ሆነህ ነው አለኝ፤ እህቴ ሞተች አልኩት። በእሱ ቋንቋ ስናገረው የሌላ ሰው እህት መሰለችኝ።

ስለ እሷ ልንገርሽ፤ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም። በጅቡቲ በኩል ስወጣ ያወቀችው እሷ ብቻ ነበረች። ሰዎች አባይነህ የት ሄደ ሲሏት ጅጅጋ፣ ሰርግ ሄዷል ትላቸዋለች። በሳምንቱ ሌላው ሲጠይቃት ሌላ ሰርግ ትፈጥራለች። እንዲህ እያለች ክረምቱን በሙሉ ጠበቀችኝ። ኋላ በጻፈችልኝ ደብዳቤ፣ አንተ ወዲህ ስትንከራተት እኔ ስንቱን ዳርኩ፣ ሙሽሮቹ አለቁብኝ ብላኝ ነበር። እሷ እንደዚህ ናት። ነበረች ማለት አቃተኝ።

ለኒቆዲሞስ ደውያለሁ። የእድራችን ዳኛ ነው፣ ፈላና በር አካባቢ የሚኖረው፣ አብሮ አደጌ። ገና ስሟን ስጠራለት ድምፄ ጠፋ፤ እሱም አስጨርሶ አልጠየቀኝም። እድሩ ሳይሰማ መቅረቱ አሳፍሮታል። ድንኳን እንዲተክሉ፣ ደጁንም እንዲያጸዱ ለምኜዋለሁ። ሰው ለልቅሶ ሲመጣ በዳዋ ውስጥ እየተንከላወሰ አይግባ። አባቴ ቢያየው አይወድም፣ እሷም አትወድም። ሣርሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይቅር በይኝ። ስለ ውሃ የማስብበት ልብ የለኝም።

አባይነህ

*

ሐረር፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱ ጋሽ አባይነህ፣

እንኳን ለዚህ አበቃዎት፣ እንኳን እንባዎ በከንቱ ሆነ። እትዬ በስልክ ስላገኙዎት ዋናውን አውቀዋል፤ ቢሆንም ሁለታችሁም ስታለቅሱ ካርዱ አለቀና ሌላው ሁሉ ሳይነገርዎት ቀረ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ደግሞ ዛሬ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

እትዬ ሰላምታ ያልላኩልዎ ከእኔ ጋር ስለተኳረፉ ነው። ትንሽ ቆርጬ አሰፋለሁ ብያቸው የደጃቸውን ግማሽ ሣር አደረግሁት። ጎረቤት «የወለተሥላሴን ደጅ ዳዋ ለበሰው» ማለት ሲጀምር ዝም አሉኝ። ራት ያቀርቡልኛል፣ አያናግሩኝም። ሰላምታ ስጠይቃቸው «የፈቀደው እሱ አይደለም? ሣሩ ሰላም ይበለው» አሉኝ። ይህን ለእርስዎ መጻፍ አፈርኩ። ልቤ አልቻለም ያልኩት ይህን ነው። ሰዎቹም ራሳቸውን ሲነቀንቁ የነበረው በእኔ ነው።

እትዬ የቁልቢ ስለት ነበረባቸው። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ተኳርፈንም ቢሆን እኔ ነበርኩ የምሸኛቸው። ሐምሌ 18 ቤቱን ቆልፈን ወጣን። ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሳንነጋገር ሄደን ሳንነጋገር ተመለስን። ጋሽ ኒቆዲሞስ ሰዎቹን ይዘው የመጡት በመሐሉ ነው። በሩ ተቆልፏል፣ ደጁ ሣር ውጦታል፤ እርስዎ ካሉት በላይ ሆኖ አገኙት። ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ከጠዋት ጀምረው ቦዩን አጸዱ፣ ድንኳኑን ተከሉ።

እኛ በማግስቱ መታጠፊያው ላይ ከባጃጅ ስንወርድ እትዬ ድንኳኑን አዩት። የያዙት ጠበል ከእጃቸው ወደቀ። በደጃቸው ላይ ድንኳን ሊያስተክል የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነው ያላቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «አባይነህ፣ ወንድሜ» እያሉ ሮጡ። በዚያ ጉልበት ሮጡ፣ ጋሼ። ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ በር ላይ የተቀመጡት የእድሩ አባል ወይዘሮ ሥርጉት ከነወንበራቸው ወደ ኋላ ሄዱ። ሌሎቹ ፊታቸውን ሸፍነው ስለነበር ማን እንደገባ አላዩም፤ ለቅሶ ሲሰሙ ለቅሷቸውን ጨመሩ። ለጥቂት ጊዜ በአንድ ድንኳን ሁለት ለቅሶ ሆነ። እነሱ ለእሳቸው፣ እሳቸው ለእርስዎ።

ጋሽ ኒቆዲሞስ ብድግ አሉና አማተቡ።

«ወለተሥላሴ፣ የሞትሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ማን አለ?»

«አባይነህ ነዋ፣ ደውሎልኝ።»

እትዬ እንባቸውን ሳይጠርጉ አሰቡ። «አባይነህ ከሞተ እንዴት ይደውላል?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አልችልም። ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ደግሞ ይስቃሉ። ወዲያው ቢደወልልዎ አላነሱም። በሦስተኛው ቀን እትዬ በአጭር መልእክት «ሞቼ ከሆነ አንሣና ንገረኝ ብለሽ ላኪለት» ያሉኝን ነው የላክሁልዎ። ያነሡትም ያን ካዩ በኋላ ነው። ለዚህ ደብዳቤ ደግሞ ቃላቸው ይኸው፦ «ሰባት ዓይነት ወጥ ሠርተው ጠበቁኝ፤ በራሴ ልቅሶ ላይ እንዲህ በልቼ አላውቅም በይው። ጉልበቴንም ያመኛል በይው፣ ዛሬ ጻፊው።»

እኔ ግን ሁሉም ሲሳሳቁ ነው ቦዩን ያየሁት። ልጭት አድርገውታል። ደሾው ከነሥሩ ተነቅሎ መንገድ ዳር ተከምሯል። የክትሮቹ ድንጋይ የድንኳኑን ገመድ ይዟል። እርከኑን ሰው በወንበር ደልድሎ ተቀምጦበታል። እንዴት እቆጣለሁ? ከሥራቸው ቀርተው፣ ዝናብ እየመታቸው፣ በፍቅር ነው የሠሩት። ጋሽ ኒቆዲሞስ እጄን ይዘው «አየሽ፣ ደጃችሁ ሰው የሚኖርበት መሰለ» አሉኝ።

የዚያኑ ሳምንት ዘነበ። ውሃው እንደ ድሮው ሆነ። ክትሩ ሥር ሲጠራቀም የከረመውን ደለል ሁሉ፣ ሰኔ ያስቀመጥነውን ጭምር፣ በአንድ ከሰዓት ኩሬው ውስጥ ከተተው። ከሳምንት በኋላ ኩሬው ከአምናው የባሰ አረንጓዴ ሆነ። ወይዘሮ ዋፊቃ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ካሮታቸውን ያለ ጊዜው ነቅለው እየሸጡ ነው። የግብርና ባለሙያውን ሄጄ ነገርኩት። አዘነልኝ፣ ሣቀም፤ ክረምቱ ስላልሞላ ግን የሚመዘግብልኝ ነገር የለም። ደክሞኛል ጋሼ። ድሬዳዋ አባቴ ጋ ልሂድ ብዬ ሻንጣዬን ሁለት ቀን ከፍቼ ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አለ። ሰዎቹ ሲያጸዱ ወደ ታች፣ ወይዘሮ ዋፊቃ አጥር አጠገብ ሲደርሱ፣ ወይዘሮ ዋፊቃ ቦዩ መሐል ገብተው ቆሙ። ማን እንደሞተ ሲጠይቁ ነገሯቸው። «ኢና ሊላሂ» ብለው አለቀሱ፤ እትዬን ይወዷቸው ነበርና። ካለቀሱ በኋላ ግን አልወጡም። «ከዚህ በታች የሞተ ሰው የለም፤ አካፋችሁን መልሱ» አሏቸው። የመጨረሻው ክትርና ከሥሩ ያለው ሣር እንዲህ ተረፈ። ትናንት ሄጄ አየሁት። ከዚያች ቁራጭ ሥር የሚወጣው ውሃ ከላይኛው ይሻላል። ትንሽ ነው፣ ግን ይሻላል።

እትዬም ተለውጠዋል። «በቁሜ በሣር ተቀበርኩ፣ ከዚህ የባሰ ምን ይመጣብኛል፣ ትከይው» አሉኝ። የተነቀለውን ደሾ መርጠን፣ ሥሩ ያልደረቀውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ጓሮ አኑረነዋል።

አሁን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። እድሩ ሥራውን ወደደው። ከእንግዲህ ሰኔ በመጣ ቁጥር የአባላቱን ቦይ ሁሉ በጋራ እናጸዳለን፣ ያልወጣ ይቀጣል ብለው ሊወስኑ ነው። በመስከረም የመጀመሪያው እሑድ በሚደረገው ስብሰባ ይጸድቃል ተብሏል። ከጋራው እስከ ኩሬው ባሉት ቦዮች ሁሉ አካፋ ሊገባ ነው። እኔ ተነሥቼ ብናገር የሚሰሙኝ አይመስለኝም። ወጣት ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ በዚያ ላይ በቁሙ ላለ ሰው ያስለቀስኩ ነኝ። ሲያዩኝ ይስቃሉ።

የእርስዎን ግን ይሰማሉ። ባሕር ማዶ ሆነው ለእህትዎ ያለቀሱ ወንድም ስለሆኑ፣ አሁን በእድሩ ውስጥ ከእርስዎ የሚበልጥ ሰው የለም። ጋሽ ኒቆዲሞስም ደብዳቤውን ራሴ አነባለሁ ብለዋል። ስለዚህ ለእድሩ ይጻፉልኝ። እኔ ስለ ማዳበሪያው ያስረዳሁዎትን አይድገሙት፤ ያን ለእኔ ይተዉልኝ። በእርስዎ ቃል ይጻፉት፦ ሣሩን እንደ ሞት አንብበው እንደነበረ፣ እህትዎ ግን ከሣሩ ጀርባ በሕይወት እንደነበሩ። ሣሩን መስከረም ሲጠባ ይጨዱት፣ ለከብቶቻቸው ይውሰዱት፤ ክረምቱን ብቻ ይተዉት ይበሏቸው። እዚህ ሐረር በደጁ ቦይ የሚያልፍ ቤት ያለው ሌላ ሰው እዚያ አገር የሚያውቁ ከሆነ እሱም ስሙን ከሥር ይጻፍ።

ፖስታው ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ስብሰባው ደግሞ አይጠብቀንም። እርስዎ አጽዱ ስላሉ አጽድተዋል፤ ተዉት ቢሏቸው ይተዋሉ። ዛሬ ከሥራ ሲመለሱ፣ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥዎ በፊት፣ ይጻፉልን።

ልጅዎ ልደት ደረጀ